ለምርቃት የሚመጡት ልጆች

ቆቦ ስመደብ አልቅሻለሁ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ከጎጃም ደጋ ለወጣች ልጅ ራያ ቆላ ማለት ወባና ሙቀት ማለት ነበር፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። ከአውቶብስ ስወርድ ፀሐዩ አናቴ ላይ ቁጭ አለ። አፌ መቼም አያርፍም፣ መናኸሪያው ላይ ሻንጣዬን የተሸከመልኝን ሰውዬ "ለመሆኑ እዚህ አገር ሰው እንዴት ነው የሚኖረው?" ብዬ ብጠይቀው "ይኸው እየሳቀ" አለና ሳቀብኝ። በኋላ ሳየው እውነቱን ነበር። የራያ ሰው ሆዱ እያረረ እንኳ እንግዳ ፊት ሳቅ ይቀድመዋል። እኔን ብዙ ጊዜ ያሳሳተኝም ይኸው ሳቃቸው ነው።

ዘመኑ ሞባይል በአንድ ሰፈር ውስጥ አንድ ሁለት ሰው እጅ ላይ ብቻ የሚታይበት ነበር። ሥራዬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መምከር ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ልቦና ተምሬ፣ ሰው ችግሩን ሲናገር እንዴት ዝም ብሎ እንደሚደመጥ ፈተና ተፈትኜ አልፌ ነው የመጣሁት። እኔ፣ ዝም ብዬ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ነበር የሳቀችው።

ክፍል ብለው የሰጡኝ ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረውን ነው። የተነፈሱ ኳሶችና የተበጣጠሰ መረብ ጥግ ላይ ተከምረው አገኘኋቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋድ በኋላ ውስጡ አያስቀምጥም። አንዲት መስኮት ነበረችው፤ በእሷ በኩል የግቢው በርና ከበሩ ማዶ ያለው ዋናው መንገድ ይታያል። "ዋናው ነገር የምክር ክፍል መኖሩ ነው፤ ከወረዳ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው" አሉኝ ዲሬክተሩ። ክፍሉ ነበረ፣ እኔም ነበርኩ፣ ተማሪ ግን አልነበረም።

ለምን እንደማይመጡ ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። በዚያ ትምህርት ቤት ከእኔ በፊት ልጅ የሚመከረው ሲያጠፋ ብቻ ነበር። ያረፈደ፣ የተደባደበ፣ አጥር ዘሎ የወጣ ልጅ ነው "ተመክሮ የሚለቀቀው"። ስለዚህ በሬ ከተንኳኳ አንድ የተቆጣ መምህር የላከው ልጅ አለ ማለት ነው። ገና አፌን ሳልከፍት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ "አጥፍቻለሁ ቲቸር፣ ሁለተኛ አይለመደኝም" ይለኛል። "ምን አጠፋህ?" ስለው እሱም አያውቀውም። እኔ ደግሞ ደሜ ቶሎ ይፈላል። "ቁጭ በል፣ ማንም አልከሰሰህም" እለዋለሁ፤ በምን ዓይነት ድምፅ እንደምለው ሲታሰብ፣ ልጁ ይበልጥ ቢፈራ አይፈረድበትም።

በገዛ እግሩ የመጣው የመጀመሪያው ልጅ ከዋጃ ወዲህ ካለ ገጠር ከተማ ገብቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ረጅም፣ ጎፈሬውን አበጥሮ ማበጠሪያውን እዚያው ፀጉሩ ላይ ሰክቶ የሚሄድ ነበር። መጣና ተቀመጠ። ዝናቡ ቀርቶ ማሽላው ገና ሳያፈራ እንደደረቀ፣ የአባቱ በሬዎች አልቀው ጎረቤት ሲያርስ አባቱ ቆሞ እንደሚያይ፣ እሁድ ከቤት ይዞት የሚመጣው ስንቅ ሳምንቱን ሳያጋምስ እንደሚያልቅ ነገረኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም እንደተማርኩት ዝም ብዬ ሰማሁት። ደጋግሞ መጣ። በመጨረሻው ቀን አውርተን ስንጨርስ ተነሣ፣ ግን አልወጣም። በሩ ጋ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ገባኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። እናቴ ከቤት ለሚወጣ ሰው ሁሉ የምትለው ነገር በራሱ ጊዜ አፌ ላይ መጣ። "በል እንግዲህ፣ ወጥቶ መግባቱን ይስጥህ። የሄድክበት ይቅናህ፣ ያሰብከው ይሙላልህ" አልኩት።

ልጁ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ በእያንዳንዷ ቃል ላይ "አሚን" አለ። ስጨርስ "ጨምሪ ቲቸር" አለኝ። ደስ አለኝና ጨመርኩለት። ክፉ አይንካህ አልኩት፣ እንቅፋት አይምታህ አልኩት፣ አፈር ብትጨብጥ ወርቅ ይሁንልህ አልኩት። እጄን ስሞ ወጣ። የተማርኩት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የሠራ መሰለኝ።

በሳምንቱ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ታሞ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሲቆይ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ይሆናል አልኩና ተውኩት፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ክፍሌ መሙላት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሁለት እያሉ፣ ቀጥሎ በር ላይ ተሰልፈው መጡ። ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከዞብል ተራራ ሥር ከሚገኙት ቀበሌዎች የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ተቀምጠው የጠየቅኳቸውን ሁሉ ይመልሱልኛል። አባቱ ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ከቤት የወጣ አለ፣ ምሳ የሚባል ነገር የረሳ አለ፣ መንገድ ላይ ወንዶች እያስቸገሯት ዙሪያ ጥምጥም የምትሄድ አለች። ሲጨርሱ ሁሉም ተነሥተው በሩ ጋ አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔም እመርቃለሁ።

ምርቃት ደግሞ እየለመዱት ሲሄዱ ይጣፍጣል። ወሎ ውስጥ የሚመርቅ ሰው አይታጣም፤ የቤት አከራዬ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ እንኳ መርቀው ነው የሚሸኙኝ። ከእሳቸው እየሰማሁ ስንኝ ጨመርኩ፣ ድምፄን ዝቅ ከፍ ማድረግ ተማርኩ። ለእናቴ ስልክ ደውዬ "እዚህ ሽማግሌ ሆኛለሁ" ብዬ አስቄያታለሁ። ዲሬክተሩ ስብሰባ ላይ ሥራዬን ለመምህራኑ ሁሉ አመሰገኑ። ኩራቴን መቼም አትጠይቁኝ።

የጂኦግራፊው መምህር ግን ሲያጨበጭቡ አላጨበጨበም። የጎብዬ ልጅ ነው፤ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ጎጃሜዋ እያለ ሲቀልድብኝ የሚውል ደግ ሰው ነው። ከስብሰባው ስንወጣ ወደ ጥግ ወሰደኝና "እስቲ የመረቅሻቸውን ልጆች አሁን የት እንዳሉ ጠይቂ" አለኝ። "የት ናቸው?" አልኩት። "ግማሾቹ ሳዑዲ ናቸው። ግማሾቹ መንገድ ላይ" አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀም።

ነገሩን የነገረኝ ያን ቀን ነው። ከዚህ አገር ወጣቱ የሚሄደው በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ ባህሩ ዳር ደርሶ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ነው። ደላላው ሌሊት በአይሱዙ ጭኖ ይወስዳቸዋል። ልጆቹ ለወላጆቻቸው አይናገሩም፤ ቢናገሩ ይከለከላሉ። ግን ደግሞ በዚህ አገር ልጅ ሳይመረቅ ሩቅ መንገድ አይወጣም። ያልተመረቀ መንገደኛ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል ብለው ከልባቸው ያምናሉ። አባትና እናታቸውን ደብቀው የሚሄዱ ልጆች ከማን ይመረቁ? ያ ባለ ጎፈሬው ልጅ ሲሄድ አብረውት የነበሩት ተይዘው ሲመለሱ እሱ ብቻውን ገብቶ ጂዳ ሥራ አገኘ። ለጓደኞቹ ደውሎ "የምክሯ ቲቸር መርቃኝ ነው፤ የሷ ምርቃት ይደርሳል" አላቸው። ወሬው ገጠር ድረስ ገባ። "አንቺ መካሪ መስለሽ ነው፤ ለእነሱ ግን ሸኚ ነሽ" አለኝ የጂኦግራፊው መምህር። ቀጥሎ ደግሞ "አትዘኚ፣ ከማንም የተሻለ ሸኝተሻቸዋል" ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩና አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ተናደድኩ፤ እኔ ዘንድ ቅደም ተከተሉ እንደዚያ ነው። በማግስቱ በየክፍሉ እየዞርኩ ጮህኩባቸው። ከእንግዲህ ምርቃት የፈለገ ወደ ሽማግሌ ይሂድ፣ እኔ ክፍል የሚገባ ችግር ያለበትና ሊማር የሚፈልግ ብቻ ነው አልኳቸው። በትሕትና ሰሙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሌ እንደ መጀመሪያው ባዶ ሆነ።

አንዲት ልጅ ብቻ መጣች። አሥረኛ ክፍል ናት፤ ከሮቢት ወጣ ብሎ ከሚገኝ መንደር፣ አባቷ የሞተባት፣ እናቷ በመስኖ የሽንኩርት ማሳ ላይ የቀን ሥራ ሠርተው ሁለት ሴት ልጆች የሚያሳድጉ። ሻርፗን በአንድ በኩል ጣል አድርጋ፣ ጥርሷ ሳይከደን የምትገባ ልጅ ነበረች። ገና ሳትቀመጥ "እኔ ለምርቃት አይደለም የመጣሁ፣ እንዳትጮኺብኝ" አለችኝ። ሳልወድ ሳቅኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኳት፤ ሌላ የምገልጽበት ቃል የለኝም።

ደላላው ቃል አስገብቷት ነበር። አብረዋት የሚሄዱት ተዘጋጅተው እሷን ነው የሚጠብቁት። "መሄድ ፈልጌ አይደለም ቲቸር። ነርስ መሆን ነው የምፈልግ። ግን የእማ ወገብ ተይዟል፤ ሽንኩርት የሚነቀል ጎንበስ ተብሎ ነው። እሷ ካልሠራች እኔና እህቴ ከምን እንማራለን? ወይ እኔ ልሂድ፣ ወይ እህቴ ከትምህርቷ ትቅር" አለችኝ። ታናሿ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበረች።

ያን ዓመት የሠራሁት ሥራ ይህች ልጅ ናት ብል ይሻላል። በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ዲሬክተሩን ለምኜ ቅዳሜና እሁድ ቤተ መጻሕፍቱን እየጠረገች ትንሽ እንድታገኝ አደረግኩ። የባዮሎጂ መምህሯን ትርፍ ሰዓት እንዲያስጠናት ተጨቃጨቅኩት። ምሳዬን ከእሷ ጋር እበላ ጀመር፤ እንዳታፍር "ብቻዬን ምግብ አይወርድልኝም" እላታለሁ፣ እሷም እያወቀች ያመነች ትመስላለች። ደላላው በመጣ ቁጥር "ሌላ ጊዜ" ትለዋለች። ጓደኞቿ ጥለዋት ሄዱ። እሷ ቀረች። ከመስኮቴ ቦርሳዋን አንግታ በግቢው በር ስትገባ ሳያት ዛሬም አለች እላለሁ በልቤ።

ብሔራዊ ፈተናው ሊደርስ ሲል የእናቷ ወገብ ጨርሶ ተያዘ፤ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። የበልጉ ዝናብም ቀረ። ከዚያ በኋላ መሳቋን ባትተውም ስስቅ ስታየኝ ብቻ ትስቅ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ዩኒፎርም አልለበሰችም። በነጠላ ጫማዋ ፋንታ ሸራ ጫማ አድርጋለች፣ ማሰሪያውም በደንብ ጠብቋል። ጫማዋን ሳይ ገባኝ።

"ዛሬ ሌሊት ነው" አለችኝ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ፈተናውን፣ ነርስነቱን፣ በረሃውን፣ ባህሩን፣ ሴት ልጅ በዚያ መንገድ ላይ የሚደርስባትን ሳልሸፋፍን ነገርኳት። ሁሉንም ታውቀዋለች። "ለእናትሽ እነግራለሁ" አልኳት። "ብትነግሪያትም እሄዳለሁ፤ እሷ ግን ታለቅሳለች" አለችኝ። ከዚያ ተነሣችና በሩ ጋ አንገቷን ደፋች፣ መዳፎቿን ዘረጋች።

"እስከዛሬ ጠይቄሽ አላውቅም። ዛሬ መርቂኝ ቲቸር" አለችኝ።

የቀረኝ መያዣ እሱ ብቻ እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ታየኝ። የዚህ አገር ልጅ ሳይመረቅ የማይወጣ ከሆነ እኔ ካልመረቅኳት አትወጣም። "አልመርቅሽም" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "ተይ በአላህ" አለች ቀስ ብላ። "አልመርቅሽም። ልትሄጂ ከሆነ ያለ ምርቃቴ ሂጂ" አልኩና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ቆማ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ከበሩ ማዶ ባለው መንገድ ላይ ግመሎች እንጨት ተጭነው ሲያልፉ አያቸው ነበር፤ አንዱንም አላየሁትም። በኋላ በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ።

ያን ምሽት ለጂኦግራፊው መምህር በኩራት ነገርኩት። "ከለከልኳት፤ አትሄድም፣ ታያለህ" አልኩት። ሻዩን ማማሰል አቆመና "ሳትመርቂያት?" አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማለዳ ሮቢት በሚሄደው የመጀመሪያ መኪና ሄጄ፣ ከአስፋልቱ ወርጄ መንደሯን እየጠየቅኩ ቤታቸው ደረስኩ። እናቷ አልጋ ላይ ነበሩ። ልጃቸው ፈተና ስለደረሰ ከተማ ጓደኛዋ ጋ አድራ እንደምታጠና ነግራቸዋለች። እኔን ሲያዩ ልጃቸው ሽልማት ያገኘች መስሏቸው ፊታቸው በራ። ይህን ስሰማ መሄዷ ገባኝ፤ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። "ሄደች?" አሉኝ። "ሄደች" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተሸፋፈኑ።

አብሯት የነበረ ልጅ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለቤተሰቡ ደወለ። ጀልባው ከመሻገሩ በፊት ተገልብጧል። ዋኝቶ የወጣ አለ፣ አሣ አጥማጆች ያወጡት አለ፣ ባህሩ አስከሬኑን የመለሰው አለ። እሷን በሕይወትም በሞትም ያያት የለም። እናትየው መርዶ አልቀበልም አሉ። ሊያለቅሱ የመጡትን ጎረቤቶች "ልጄ አልሞተችም፤ ለማን ነው የምታለቅሱ?" ብለው ከደጅ መለሷቸው። ለቅሶ የሌለው ሐዘን ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሰው ሄዶ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፣ እግዜር ያጥናሽ የሚባል የለም፣ ቀብሬ መጣሁ ተብሎ ፊት አይታጠብም። እኔም ቤቴ ብቻዬን አለቅስና ጠዋት ዓይኔን ታጥቤ ሥራ እገባለሁ። ምሳዬን መብላት ተውኩ፤ እውነትም ብቻዬን አልወርድ አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ከተጀመረ ትንሽ ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። እናትየው ናቸው። ወገባቸው ትንሽ ተሽሏቸው በዱላ ይሄዳሉ። ከኋላቸው አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ቆማለች፤ ሳትስቅ እንኳ የእህቷን ጥርስ እንደያዘች ይታወቃል። ዘጠነኛ ክፍል ገብታ እኛ ግቢ ውስጥ ስትማር ሰንብታለች። አይቻት ይሆናል፣ ልብ አላልኳትም።

"እንዴት ሰነበትሽሳ ልጄ" አሉኝ እናትየው። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። ልጄ ምን አድርጋሽ ነበር?"

ጥያቄው አልገባኝም።

"አብሯት የነበረው ልጅ ለቤተሰቡ ሁሉንም አውርቷል። መንገዱን ሙሉ ቲቸሬ አልመረቀችኝም፣ ተቀይማኛለች እያለች ስታለቅስ ነበር አሉ። ትልቅ ሰው ምርቃት የሚከለክል ያስቀየመውን ነው። እኔ ልጄን አውቃታለሁ፣ ባለጌ አይደለችም። ግን ልጅ ናት፣ ሳታውቅ አስቀይማሽ ይሆናል። ይቅር በያት። ቂምሽ መንገዷን ይዞት ይሆናል፤ ብትለቂያት ትገኝ ይሆናል።"

"አልተቀየምኳትም" አልኳቸው። "እንድትቀር ፈልጌ ነው። ካልመረቅኳት ትቀራለች ብዬ ነው። እወዳት ነበር እኮ።"

"ሳትቀየሚያት ነው የከለከልሻት?" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩን በዚህም በዚያም ቢያገላብጡት አልገባቸው አለ፤ እኔም ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ትምህርት እሳቸውን የሚያስረዳ አንዲት ቃል አልሰጠኝም።

"ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "እንግዲያ ይችን መርቂልኝ።"

"ይችን? ለምን?"

"እህቷን ልትፈልግ ነው የምትሄድ። የመን ውስጥ እሷን የመሰለች ልጅ አየን ያሉ አሉ። እኔ መርቄያታለሁ። የቀረው ያንቺ ነው።"

ያን ጊዜ ጮህኩ። "ሁለተኛዋንም ባህር ልትከቺያት ነው? እህቷ እኮ የሄደችው ይህች እንድትማርላት ነው" አልኳቸው፤ አንቱታዬ ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር። እናትየው ዱላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ። ውጭ እንዲቆዩልኝ ለመንኳቸውና ከልጅቱ ጋር ብቻችንን ቀረን። እንደ ወጉ አስቀመጥኳት፣ ውሃ ሰጠኋት፣ ማንም ገፍቷት እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ማንም አልገፋኝም" አለችኝ። "እማ እኮ ነው መጀመሪያ ያለቀሰች፣ አትሄጅም ያለች። እኔ ነኝ የለመንኳት። እህቴ የሄደች በኔ ነው። ክፍል ስቀመጥ የሷን ወንበር የወሰድኩባት ይመስለኛል። አስተማሪው ሲያስተምር አይሰማኝም ቲቸር። ምሳ ስንበላ እማ አሁንም የሷን ድርሻ ታስቀምጣለች። እኔ ነኝ በኋላ የማነሣው።"

ፖሊስ ልጠራ እችል ነበር። ጠርቼም አውቃለሁ፤ ሌሎች ልጆችን አስይዤ አስመልሻለሁ፣ በሳምንቱ በሌላ መኪና ሄደዋል። አንድ ወር ቆዪልኝ አልኳት። እኔ ከምኖርበት ቤት መጥተሽ ኑሪ አልኳት፣ እናትሽን ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ አልኳት። ሁሉንም አንገቷን ነቅንቃ በትዕግሥት ሰማችኝ፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ያን ቀን የምትመክረው እሷ ነበረች። "አላህ ይስጥልኝ ቲቸር። ግን ብትመርቂኝም ባትመርቂኝም እሄዳለሁ። እህቴም እንደዚሁ ሄዳለች፤ እያለቀሰች ነው እንጂ" አለችኝ።

ተነሣሁና በሩን ከፍቼ እናትየውን ጠራኋቸው። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እጄን ጭንቅላቷ ላይ አደረግኩ። ያ ሁሉ ያጠራቀምኩት የምርቃት ስንኝ ከየት ይምጣ፣ አንዱም አልመጣልኝም። "ወጥቶ መግባቱን ይስጥሽ" አልኳት። "ባህሩ ያሳልፍሽ። ክፉ አይይሽ። እህትሽን አግኝተሽ፣ ሁለታችሁም ለእናታችሁ ተመለሱ።" እናትና ልጅ እኩል አሚን አሉ። "ለትልቋም በያት" አሉኝ እናትየው። ይቅር ብዬሻለሁ አልኩ፣ የምቀየማት ነገር ሳይኖረኝ። አሚን አሉ፣ ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው አበሱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለል ሲላቸው አየሁ።

ሊወጡ ሲሉ ራሴን መያዝ አልቻልኩም። "ከእንግዲህ ግን ሌላ ልጅ አያምጡብኝ" አልኳቸው። ልለምናቸው ብዬ ነበር፤ እንደ ልማዴ በቁጣ ወጣ።

"ሌላ የለኝም" አሉኝ።